የአንጋፋ ተጫዋቾች ውልና የደመወዝ ጣሪያ፦ ከባርሴሎና ጉዳይ የሚታየው ስሌት

እ.ኤ.አ ኦገስት 5 ቀን 2021 የስፔኑ ባርሴሎና እግር ኳስ ክለብ ባወጣው አጭር መግለጫ ሊዮኔል ሜሲ ከክለቡ ጋር እንደማይቀጥል አስታወቀ። መግለጫው ክለቡና ተጫዋቹ ከስምምነት መድረሳቸውንና ውሉንም በዕለቱ ለመፈረም ሁለቱም ወገኖች ፍላጎት እንደነበራቸው ገልጾ፣ ፊርማው ያልተፈጸመው የስፔን ሊግ ደንብ ባስከተለው የገንዘብና የመዋቅር እንቅፋት ምክንያት መሆኑን ያትታል።

ሜሲ በወቅቱ የ34 ዓመት ዕድሜ ነበረው። በተጠናቀቀው የውድድር ዘመን በላሊጋው 30 ግቦችን አስቆጥሮ በኮከብ ግብ አግቢነት አጠናቋል። ከሦስት ቀናት በኋላ በተካሄደው የስንብት ሥነ ሥርዓትም ደመወዙን በ50 በመቶ ለመቀነስ ተስማምቶ እንደነበር በእንባ ታጅቦ ተናግሯል። ክለቡ ይፈልገዋል፤ ተጫዋቹ መቆየት ይሻል፤ ዋጋውም በግማሽ ወርዷል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ውሉ ያልተፈረመው ለምንድን ነው? ጥያቄው ለእግር ኳስ ወዳጆች ብቻ የሚተው አይደለም። ዓመታዊ በጀት የሚያጸድቅ፣ ለበርካታ ዓመታት የሚዘልቅ ግዴታ የሚፈርም ማንኛውም ኃላፊ ሊመለከተው የሚገባ ጉዳይ አለው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የውጭ አገር ክንውኖች ዘመን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጣሪያው እንዴት ይሰላል?

የስፔን ሊግ አስተዳደር ከ2013 ጀምሮ ክለቦች ለቡድናቸው የሚያወጡትን ገንዘብ በቅድሚያ ይቆጣጠራል። የአሠራሩ መሠረት ቀላል ነው። ክለቡ በውድድር ዘመኑ ያገኛል ተብሎ ከሚጠበቀው ገቢ ላይ ከቡድኑ ጋር የማይያያዙ ወጪዎችና በዚያው ዓመት ሊከፈል የሚገባው ዕዳ ይቀነሳሉ። ቀሪው ገንዘብ ክለቡ ለተጫዋቾችና ለአሰልጣኞች ሊያውለው የሚችለው ከፍተኛው መጠን ይሆናል። በዚህ መጠን ውስጥ የሚካተተው የወር ደመወዝ ብቻ ሳይሆን የማበረታቻ ክፍያ፣ የወኪሎች ድርሻ፣ እንዲሁም የዝውውር ክፍያው በውሉ ዓመታት ተከፋፍሎ በየዓመቱ በሂሳብ መዝገብ የሚያዘው ወጪ ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው "በቅድሚያ" የሚለው ቃል ነው። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረት (ዩኤፋ) ቁጥጥር በዋናነት ወጪው ከተፈጸመ በኋላ መዝገብ መርምሮ የሚቀጣ ሲሆን፣ የስፔኑ ግን ተጫዋቹ ገና ሳይመዘገብ በሩን ይዘጋል። ክለቡ ከጣሪያው በላይ ሆኖ ሲገኝ ነባር ውሎች አይፈርሱም፤ ደመወዝም መከፈሉ አይቋረጥም። የሚታገደው አዲስ ምዝገባ ነው። በ2021 በነበረው ደንብ መሠረት ከጣሪያው በላይ ያለ ክለብ ከወጪው ካዳነው እያንዳንዱ አራት ዩሮ ለአዲስ ተጫዋች ማዋል የሚችለው አንዱን ብቻ ነበር። ለምሳሌ ያህል፣ በዓመት 20 ሚሊዮን ዩሮ የሚከፈለውን ተጫዋች ለማስመዝገብ የ80 ሚሊዮን ዩሮ ቅነሳ ያስፈልጋል ማለት ነው።

የሜሲ ውል ጁን 30 ቀን 2021 አብቅቶ ነበር። በመሆኑም በክለቡ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ያደገው ተጫዋች በደንቡ ዓይን እንደማንኛውም አዲስ ፈራሚ የሚታይ ሆነ። የክለቡ ፕሬዚዳንት ጆአን ላፖርታ ኦገስት 6 ቀን በሰጡት መግለጫ ሜሲ ሲጨመር የደመወዝ ወጪው የክለቡን ገቢ 110 በመቶ እንደሚሆን፣ ያለ እርሱም ቢሆን 95 በመቶ እንደሚደርስ ገለጹ። በዚያው ሰሞን የሊጉ አስተዳደር ሲቪሲ ከተባለ የገንዘብ ድርጅት ጋር በደረሰው ስምምነት ክለቡ በርካታ ሚሊዮን ዩሮ ማግኘት ይችል ነበር። ላፖርታ ግን ለ50 ዓመታት የቴሌቪዥን ስርጭት ገቢን በመያዣነት ማስያዝ ነው በማለት አልተቀበሉትም። ለአንድ ተጫዋች ሲባል የግማሽ ምዕተ ዓመት ገቢን አለማስያዛቸው በጊዜው ብዙ ደጋፊ ያስቆጣ ቢሆንም፣ ውሳኔውን በኃላፊነት ስሜት የተወሰደ አድርጎ መመልከት ይቻላል።

አኃዙ ችግሩን በግልጽ ያሳያል። ሊጉ ለባርሴሎና የፈቀደው ጣሪያ በ2019/20 የውድድር ዘመን 671 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። በሴፕቴምበር 2021 ይፋ በሆነው ዝርዝር ወደ 97.9 ሚሊዮን ዩሮ ወርዷል። በዚያው ዝርዝር ሪያል ማድሪድ 739 ሚሊዮን ዩሮ ተፈቅዶለታል። ክለቡ ለ2020/21 የ481 ሚሊዮን ዩሮ ኪሳራ ያስመዘገበ ሲሆን፣ አጠቃላይ ዕዳው 1.35 ቢሊዮን ዩሮ መድረሱን ላፖርታ ኦገስት 16 ቀን 2021 አስታውቀዋል። የኮሮና ወረርሽኝ ስታዲየሞችን ባዶ ያስቀረው ለሁሉም ክለቦች ነው። ስለዚህ የሁለቱ ተቀናቃኞች ልዩነት በወረርሽኙ ብቻ ሊገለጽ አይችልም።

ውሳኔው የተሰጠው መቼ ነበር?

ብዙዎች የ2021ን ኦገስት እንደ ውሳኔ ወቅት ያያሉ። በዚህ ጸሐፊ ግምት ግን በዚያ ቀን የሚወሰን ነገር አልነበረም። ውሳኔው የተሰጠው ቀደም ባሉት ሁለት ፊርማዎች ነው።

የመጀመሪያው በኖቬምበር 2017 የተፈረመው የሜሲ ውል ነው። ተጫዋቹ ያን ጊዜ የ30 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት ኔይማር በ222 ሚሊዮን ዩሮ ወደ ፓሪስ ሴንት ዠርሜን በመዛወሩ የክለቡ አመራር ሌላ ኮከብ እንዳያመልጠው ስጋት ላይ ወድቆ ነበር። ኤል ሙንዶ የተባለው የስፔን ጋዜጣ በጃንዋሪ 2021 ይፋ እንዳደረገው፣ የአራት ዓመቱ ውል ልዩ ልዩ ክፍያዎች ተጨምረው እስከ 555 ሚሊዮን ዩሮ ሊደርስ የሚችል ነበር። ክፍያው በጊዜው እብደት አልነበረም። የክለቡ ገቢ በ2018/19 ወደ 840 ሚሊዮን ዩሮ አድጎ ከዓለም ክለቦች ቀዳሚ ሆኗል። ይሁን እንጂ ውሉ የተፈረመው ገቢው ከፍ ባለበት ዘመን ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ክፍያ የሚውለው ተጫዋቹ 33 እና 34 ዓመት ሲሞላው ነው። ገቢው ሲወርድ ውሉ አብሮ አልወረደም።

ሁለተኛው ፊርማ ከዚህ ያነሰ ዝና ያለው፣ ለበጀት ሰው ግን የበለጠ ትምህርት ያለው ነው። በኦክቶበር 2020 የክለቡ አመራር የ33 ዓመቱን ጄራርድ ፒኬን ጨምሮ የአራት ተጫዋቾችን ውል አራዘመ። የፒኬ ውል እስከ 2024 እንዲዘልቅ ተደረገ። የእነዚህ ስምምነቶች አንዱ ዓላማ በወረርሽኙ ዓመት ሊከፈል የሚገባውን ደመወዝ ከፊሉን ወደ ቀጣዮቹ ዓመታት ማሸጋገር ነበር። የዚያን ዓመት ወጪ በወረቀት ላይ የቀነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ወጪው ተጫዋቾቹ ይበልጥ ወደሚያረጁበት ዘመን ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። የፕሬዚዳንት ጆሴፕ ማሪያ ባርቶሜው አመራር ውሎቹን ካራዘመ ከአንድ ሳምንት በኋላ ሥልጣኑን ለቀቀ። የመክፈሉ ግዴታ ለተተኪው ተረፈ። ለሜሲ በዚሁ ዓይነት አሠራር የተላለፈው ደመወዝም እንዲሁ ክለቡን ከለቀቀ በኋላ ሲከፈል የቆየ ሲሆን፣ የክፍያ መርሐ ግብሩ እስከ 2025 የሚዘልቅ እንደነበር ላፖርታ ገልጸዋል። አንድ ተቋም በአራተኛው ዓመት ከእርሱ ጋር ለሌለ ሠራተኛ ደመወዝ ሲከፍል ማየት የተለመደ አይደለም።

የጣሪያው ክብደት በነባሮቹ ላይ እንዴት እንዳረፈም መጥቀስ ያስፈልጋል። ሜሲ በሄደ በሳምንቱ ፒኬ ደመወዙን በከፍተኛ መጠን ቀነሰ። ክለቡ ሜምፊስ ዴፓይን፣ ኤሪክ ጋርሲያንና ሬይ ማናጅን ለውድድር ማስመዝገብ የቻለው በዚህ ቅናሽ ነው። ሰርጂዮ ቡስኬትስና ጆርዲ አልባም የፒኬን ፈለግ ተከተሉ። የደመወዝ ጣሪያ ባለበት ሊግ የአንድ አንጋፋ ተጫዋች ውል ዋጋ በገንዘብ ብቻ እንደማይለካ ከዚህ ይታያል። በእርሱ ደመወዝ ምክንያት ሳይመዘገቡ የሚቀሩት ወጣቶችም የዋጋው አካል ናቸው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የሂሳብ ነጥብ የሚከተለው ነው። በከፍተኛ የዝውውር ክፍያ የመጣ ተጫዋች ውል ሲራዘም፣ ገና ያልተቀነሰው የዝውውር ክፍያ በተጨማሪዎቹ ዓመታት ላይ ስለሚከፋፈል የየዓመቱ ወጪ ይቀንሳል። ይህም ክለቦች ከእግር ኳሱ ፍላጎት ይልቅ ለመዝገቡ ውበት ሲሉ ውል እንዲያራዝሙ ይገፋፋቸዋል። ሜሲ ግን ከክለቡ የወጣቶች ማሠልጠኛ የተገኘ በመሆኑ በመዝገብ ላይ የሚከፋፈል የዝውውር ዋጋ አልነበረውም። የእርሱ ወጪ በሙሉ ደመወዝ ነው። ክለቡ ራሱ ያሳደገው ተጫዋች ውል ሲራዘም በሂሳብ ዘዴ ሊቀል አለመቻሉ እንግዳ ቢመስልም የደንቡ ውጤት ነው።

የአንድ ዓመት ውል

ሪያል ማድሪድ በዚያው ክረምት ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦለት ነበር። አምበሉ ሰርጂዮ ራሞስ የ35 ዓመት ዕድሜ ላይ ደርሶ ውሉ እያበቃ ነበር። ክለቡ ከ10 በመቶ የደመወዝ ቅናሽ ጋር የአንድ ዓመት ውል አቀረበለት፤ ተጫዋቹ የሁለት ዓመት ጠየቀ። በመጨረሻ የክለቡን ሐሳብ ለመቀበል ሲወስን የቀረበው ሐሳብ ጊዜው አልፎበታል የሚል ምላሽ እንደተሰጠው ራሞስ በጁን 2021 በስንብቱ ላይ ተናግሯል። ፓሪስ ሴንት ዠርሜን የጠየቀውን ሁለት ዓመት ሰጠው። ሆኖም በጉዳት ምክንያት ለአዲሱ ክለቡ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በኖቬምበር መጨረሻ ነበር። ያለ እርሱ የተጫወተው ሪያል ማድሪድ በ2022 የአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግን ዋንጫ አነሳ።

የዚህ መርሕ ሌላው ገጽታ ሉካ ሞድሪች ነው። በ1985 የተወለደው ክሮኤሺያዊ አማካይ በ2021፣ በ2022፣ በ2023 እና በ2024 በየጊዜው ለአንድ አንድ ዓመት ብቻ ውሉን አራዝሟል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ የቻምፒየንስ ሊግ አሸናፊ ሆኖ፣ በ2025 ወደ ኤሲ ሚላን ሲሄድ ክለቡ ላይ የተንጠለጠለ ቀሪ ውል አልነበረም። አሠራሩ ተጫዋቹን የሚያዋርድ ሳይሆን በየዓመቱ በሥራው እንዲመዘን የሚያደርግ ነው። እርግጥ ነው፣ ይህን ለመቀበል የሞድሪችን ዓይነት ትዕግሥት ይጠይቃል።

በእንግሊዝ አርሰናልን ለረጅም ዓመታት የመሩት አሰልጣኝ አርሰን ቬንገርም ከ30 ዓመት በላይ ለሆኑ ተጫዋቾች በአብዛኛው ከአንድ ዓመት ያልበለጠ ውል የመስጠት ልማድ ነበራቸው። ዋጋ አላስከፈላቸውም ማለት አይቻልም። ሮበርት ፒሬስ በ2006 ረዘም ያለ ውል ወደሰጠው ቪያሪያል ያለ ዝውውር ክፍያ ሄዷል። ይሁንና ልማዱን መተው ምን እንደሚያስከትል ክለቡ በኋላ ተመልክቷል። ፒየር ኤምሪክ ኦባሚያንግ በ2020 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሁለቱንም ግቦች አስቆጥሮ ዋንጫ ካስገኘ በኋላ፣ በ31 ዓመቱ በሴፕቴምበር ወር የሦስት ዓመት ውል ፈረመ። ደጋፊው ተደሰተ። በ2019/20 በሊጉ 22 ግቦችን ያስቆጠረው አጥቂ በቀጣዩ የውድድር ዘመን 10 ብቻ አስቆጠረ። በዲሴምበር 2021 አምበልነቱ ተነጠቀ፤ በፌብሩዋሪ 2022 ውሉ በስምምነት ተቋርጦ በነፃ ተሰናበተ። ክለቡ በፍጻሜው ጨዋታ ለታየው ብቃት ሲከፍል፣ የገዛው ግን የቀጣዮቹን ሦስት ዓመታት ብቃት ነበር።

ሕጉ ቋሚ ነው ብሎ መደምደም ግን ስህተት ይሆናል። ባርሴሎና ሜሲን ካሰናበተ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ 34ኛ ዓመቱን ሊይዝ ጥቂት ሳምንታት ለቀሩት ሮበርት ሌቫንዶቭስኪ 45 ሚሊዮን ዩሮ ከፍሎ እስከ 2026 የሚዘልቅ ውል ሰጠው። ለዚህና ለሌሎች ግዢዎች ገንዘቡን ያገኘው ከላሊጋ የቴሌቪዥን ስርጭት ገቢው 25 በመቶውን ለ25 ዓመታት በመሸጥ ነው። ሌቫንዶቭስኪ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን በሊጉ 23 ግቦችን አስቆጥሮ ክለቡን ለሻምፒዮንነት አበቃ። በሜዳ ላይ ግዢው ሠመረ። የተሸጠው ገቢ ግን ተጫዋቹ ጫማውን ከሰቀለ ከረጅም ዓመታት በኋላም የሚጎድል ነው። በሌላ በኩል በ2021 ጣሪያው በሊጉ ምርጡን ግብ አግቢ አስወጥቷል። ሜሲ ከሄደ በኋላ በ2022 ከአርጀንቲና ጋር የዓለም ዋንጫን አንስቷል። ስለዚህ ጣሪያው የክለቡን አቅም እንጂ የተጫዋቹን ብቃት አይመዝንም። ሁለቱ ተለይተው መታየት አለባቸው።

ዕድሜም ቢሆን በሁሉም ላይ በእኩል አይፈርድም። በፍጥነት ላይ የሚመሠረት የክንፍ አጥቂ ከ30 በኋላ ቶሎ ሊደክም ይችላል፤ ግብ ጠባቂዎችና ቦታ አያያዝን የተካኑ ተከላካዮችና አማካዮች ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። ሊቨርፑል በኤፕሪል 2025 ለ32 ዓመቱ ሞሐመድ ሳላህና ለ33 ዓመቱ ቨርጂል ቫን ዳይክ የሁለት የሁለት ዓመት ውል የሰጠው፣ በአንድ ዓመትና በሦስት ዓመት መካከል ያለውን አማካይ መንገድ በመምረጥ ነው።

ደንቦቹ እየጠበቁ፣ ልዩ ፈቃዶችም እየበዙ ነው

የዩኤፋ ደንብ በውድድሮቹ የሚሳተፉ ክለቦች ለተጫዋቾችና ለአሰልጣኞች ደመወዝ፣ ለዝውውርና ለወኪሎች የሚያወጡትን ከገቢያቸው ጋር እያነጻጸረ ይገድባል። ገደቡ በ2023/24 90 በመቶ፣ በ2024/25 80 በመቶ፣ ከ2025/26 ጀምሮ ደግሞ 70 በመቶ እንዲሆን ተደርጓል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦችም በኖቬምበር 2025 ባካሄዱት ድምፅ አሰጣጥ ከ2026/27 የውድድር ዘመን ጀምሮ የቡድን ወጪ ከገቢ 85 በመቶ እንዳይበልጥ የሚያደርግ ደንብ አጽድቀዋል።

የአሜሪካው ሜጀር ሊግ ሶከር የተለየ መንገድ ይከተላል። ሊጉ ጥብቅ የደመወዝ ጣሪያ ያለው ቢሆንም፣ ዴቪድ ቤካም በመጣበት በ2007 ባወጣው ልዩ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ክለብ ለጥቂት ተጫዋቾች ከጣሪያው በላይ መክፈል ይችላል። በጣሪያው ሂሳብ የሚገባው የደመወዛቸው የተወሰነ ክፍል ብቻ ሲሆን ቀሪውን የክለቡ ባለቤቶች ይሸፍናሉ። በ34 ዓመቱ በስፔን ሊመዘገብ ያልቻለው ሜሲ፣ በ2023 ወደ ኢንተር ማያሚ ተዛውሮ በኦክቶበር 2025 በ38 ዓመቱ እስከ 2028 የሚዘልቅ ውል መፈረሙ በዚህ ደንብ የተቻለ ነው። ጣሪያው በሁለቱም አገሮች አለ፤ የሚለያየው ከጣሪያው በላይ ያለውን ገንዘብ ማን ይሸከማል በሚለው ነው።

በአገራችን

ይኸው ጥያቄ በኢትዮጵያ የተለየ ክብደት አለው። በፕሪሚየር ሊጉ ከሚወዳደሩ ክለቦች መካከል በደጋፊዎቻቸው ላይ የሚመሠረቱ ጥቂት የማይባሉ ስመ ጥር ክለቦች ቢኖሩም፣ አብዛኞቹ የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደሮች፣ ከመንግሥት ተቋማትና ከልማት ድርጅቶች በሚመደብ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከጣሪያው በላይ ያለውን የሚሸከም ባለቤት ሲፈለግ የሚገኘው የሕዝብ በጀት ነው።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦች በ2011 ዓ.ም ነሐሴ ወር የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ መወሰናቸው ይታወሳል። ይህ ዓይነቱ ገደብ ከስፔኑ የሚለየው በግለሰቡ ላይ እንጂ በክለቡ ጠቅላላ ወጪ ላይ ባለመጣሉ ነው። ገቢው የሰፋውም የጠበበውም ክለብ በአንድ ቁጥር ይታሰራል። ክለቡ በቡድኑ ውስጥ ማንን አስቀርቶ ማንን እንደሚያሰናብት እንዲያመዛዝን አያስገድደውም። የቡድኑ ሁሉ ደመወዝ ከገደቡ በታች ሆኖም ክለቡ ከአቅሙ በላይ ሊከፍል ይችላል። ከውል ውጭ ክፍያ ይፈጸማል የሚል ቅሬታም በስፖርት መገናኛ ብዙኃን በተደጋጋሚ ሲነሳ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ትኩረቱን ክለቦች ለቡድናቸው በጠቅላላ ወደሚያወጡት ገንዘብ ማዞሩ ከዚህ አንጻር ተገቢ እርምጃ ነው።

ይሁን እንጂ የጠቅላላ ወጪ ጣሪያ ብቻውን የውል ዘመንን ጉዳይ አይፈታም። የከተማ አስተዳደሩ ምክር ቤት የሚያጸድቀው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለውን የአንድ ዓመት በጀት ነው። ለ33 ዓመት አምበል የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ውል ሲፈረም ግን ክለቡ ገና ባልጸደቀ በጀት ላይ ግዴታ ይገባል። ተጫዋቹ በሁለተኛው ዓመት ቢጎዳ ወይም ከቋሚ ተሰላፊነት ቢወርድ፣ ደመወዙ ከአዲሱ ዓመት የወጣት ቡድን፣ የሜዳ ጥገናና የጉዞ ወጪ ጋር ይጋፋል። ደመወዝ ሲዘገይም ተጫዋቹ አቤቱታውን ይዞ ወደ ፌዴሬሽኑ ይሄዳል፤ የተወሰነበት ክፍያ የሚወራረደውም ውሉን ባልፈረመ ኃላፊ ዘመን ሊሆን ይችላል።

በመሆኑም የውል ማራዘሚያ ሐሳብ ለክለብ ቦርድ ሲቀርብ ከተጫዋቹ ስምና ካለፉት ዓመታት ግቦቹ ጎን ለጎን አራት ነገሮች በጽሑፍ ቢሰፍሩ አይከፋም፦ ባለፉት ሁለት የውድድር ዘመናት በሜዳ ላይ ያሳለፈው ደቂቃና ከጉዳት ውጭ የቆየበት ጊዜ፤ በውሉ የመጨረሻ ዓመት የሚኖረው ዕድሜና በዚያ ዓመት የሚከፈለው ገንዘብ፤ ክፍያው ከጠቅላላው የቡድን ወጪ ስንት እጅ እንደሚሆን፤ በእርሱ ምክንያት ውል ሳይፈረምላቸው የሚቀሩት ከ20 ዓመት በታች ተጫዋቾች እነማን እንደሆኑ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን የክለቡ የሂሳብ ክፍልና የሕክምና ባለሙያው ሊሞሉ ይችላሉ። የአራተኛው መልስ የሚገኘው ከአሰልጣኙ ነው።